ባክቴሪያ ሲሞቀው ጥሩምባ የሚነፋው ማነው?

ሱሉልታ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ነንና ከከተማው ይብስብናል። ወተት የምንወስደው ከጎረቤታችን፣ ከአንዲት እናት ቤት ነው። ሁለት ላሞች አሏቸው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዕቃዬን ይዤ ስደርስ የወይራው ጭስ ከጮጮው ገና አልወጣም። ባለፈው ሰሞን ወተቱን እየሰፈሩልኝ ድንገት ቀና አሉና ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ አንተ ስለ ጀርም አይደል የተማርከው? ይሄ የልጅ ልጄ የፈላ ወተት አልጠጣም ብሎ አስቸገረኝ። ለብ አድርጌ ብሰጠውስ? ትንሽ ሙቀትም ቢሆን እኮ ጀርሙን ያደክመዋል።»

«አያደክመውም እማማ» አልኳቸው። «እንዲያውም ያነቃዋል።»

መስፈሪያውን እንደያዙ አዩኝ። የቀለድኩባቸው መሰላቸው። በራቸው ላይ ቆሜ የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው፤ ግን አልበቃኝም። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ታክሲ ውስጥም፣ ሻይ ቤትም «ጀርሙ ለመደ» ሲባል እንሰማለን። ለመደ ማለት ምን ማለት ነው? ዓይን የለው፣ አንጎል የለው፣ መላ አካሉ አንዲት ሕዋስ ብቻ ነው። አደጋ መምጣቱን በምን አውቆ ይዘጋጃል? መልሱ ያለው ፕሮቲኖቹ ዘንድ ነው።

ፕሮቲን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ፕሮቲን ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ ነው። ልክ ነው፣ ምግብ ነው። ግን ምግብ ከመሆኑ በፊት ሠራተኛ ነበር። በማንኛውም ሕያው ሕዋስ ውስጥ ስኳር የሚሰብረው፣ በር የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ጂን የሚያነበው ፕሮቲን ነው። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረውን ኢ ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ እንውሰድ። ጫፍ ለጫፍ ቢሰለፍ አንድ ሚሊሜትር ላይ 500 ያህሉ ይደረደራል። በዚያች ትንሽ ገላ ውስጥ ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፕሮቲኖች ይርመሰመሳሉ።

ፕሮቲን ሲወለድ ረጅም ክር ነው። ክሩ ላይ አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ዶቃዎች እየተፈራረቁ ተሰክተዋል። እንደተዘረጋ ከቀረ ሥራ የለውም። ተጠቅልሎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ነው ሥራ የሚጀምረው። ቁልፍ በሩን የሚከፍተው በብረቱ ሳይሆን በጥርሱ ቅርጽ ነው። ፕሮቲንም እንደዚያ ነው።

ከዶቃዎቹ አንዳንዶቹ ውሃ አይወዱም፣ ቅባት መሰል ናቸው። ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ የማይወዱት ወደ ጥቅሉ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ የሚወዱት በውጭ በኩል ይቀራሉ። ሙቀት ሲበዛ ጥቅሉ ይፈታል፤ የተሸሸጉት ይጋለጣሉ። አጠገባቸው እንደነሱ የተጋለጠ ሌላ ፕሮቲን ካገኙ ይጣበቃሉ። የቀዘቀዘ ወጥ ላይ ቅባቱ ተፈላልጎ እንደሚረጋው ማለት ነው።

ይህንን ሁላችንም አይተነዋል። እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲሰበር ነጩ ክፍል ውሃ ይመስላል፣ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሙቀቱ ሲነካው ይነጣል፣ ይጠነክራል። ፕሮቲኖቹ ተፈትተው እርስ በርስ ስለተጣበቁ ነው። ቢቀዘቅዝም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ባክቴሪያ ከሙቀት የሚፈራው ይህንኑ ነው፤ ውስጡ እንደ እንቁላል እንዳይረጋ።

ባክቴሪያ ደግሞ ምን ስትረስ አለበት?

እኛ ስትረስ ስንል የቤት ኪራይ፣ የትራንስፖርት ሰልፍ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ማለታችን ነው። ለባክቴሪያ ስሜት አይደለም። ሕዋሱ ሥራውን በወጉ እንዳይሠራ የሚያደርግ ማንኛውም የአካባቢ ለውጥ ስትረስ ይባላል። ሙቀት፣ ብርድ፣ አሲድ፣ ረሃብ፣ ድርቀት፣ አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም። ባክቴሪያ ይህ ሲመጣበት ብዛታቸውን የሚጨምራቸው ልዩ ፕሮቲኖች አሉት። እኔ እዚህ ላይ የጫና ጊዜ ፕሮቲኖች እላቸዋለሁ። ከነሱ መካከል በሙቀት ጊዜ የሚነሡት በይበልጥ የተጠኑ ናቸው። ስማቸውም የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች ነው።

ነገሩ መጀመሪያ የታየው በባክቴሪያ አይደለም፣ በዝንብ ነው። ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ትንንሽ የፍራፍሬ ዝንቦችን ያጠና ነበር። አንድ ቀን ባልደረባው የማሞቂያ ሳጥኑን ሙቀት ሳያውቅ ከፍ አደረገበት። ሪቶሳ የዝንቦቹን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ክሮሞዞማቸው ላይ ከዚያ በፊት ያልነበሩ እብጠቶች አገኘ። በሙቀቱ የተነሣ የተቀሰቀሱ ጂኖች ነበሩ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1962 ታተመ። ከዚያ በፊት ግን አንድ መጽሔት ለሥነ ሕይወት ጥቅም የለውም ብሎ መልሶበት ነበር። ያ ጥቅም የለውም የተባለ ነገር ዛሬ ከባክቴሪያ እስከ ጤፍ፣ ከጤፍ እስከ ሰው ድረስ እንደሚሠራ እናውቃለን።

ሙቀቱ መምጣቱን በምን ያውቃል?

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ አብረን እንቆይ።

የባክቴሪያ ጂኖች እንደ መጽሐፍ ናቸው። ኢ ኮላይ ከ4,000 በላይ ጂኖች አሉት። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነበቡም። አንባቢው ማሽን የትኛውን ገጽ ልግለጥ ብሎ የሚጠይቀው ሲግማ የሚባሉ ፕሮቲኖችን ነው። ኢ ኮላይ ሰባት ሲግማዎች አሉት። በሰላሙ ጊዜ የሚመራው አንዱ ነው። ሙቀት ሲመጣ ቦታውን የሚሻማው ሲግማ 32 ይባላል።

ሲግማ 32ን እንደ እድር ጥሩምባ ነፊ አስቡት። እኛ ሰፈር ለሊት አሥር ሰዓት ላይ ጥሩምባ ከተሰማ ሁሉም ሰው ከአልጋው ይነሣል። ድንኳን የሚተክለው ይተክላል፣ ወንበር የሚያመጣው ያመጣል። ጥሩምባው ራሱ ድንኳን አይተክልም። ሰው ይጠራል እንጂ። ሲግማ 32ም ራሱ ምንም አይጠግንም፤ ጠጋኞቹን ይጠራል።

ታዲያ ጥሩምባ ነፊውን ማን ይቀሰቅሰዋል? ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ በሰም እንደታሸገ ደብዳቤ ነው። ሲግማ 32ን ለመሥራት የሚያስፈልገው ትእዛዝ ኤምአርኤንኤ በሚባል መልእክት ላይ ተጽፎ ሕዋሱ ውስጥ ቀድሞም አለ። ነገር ግን በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መልእክቱ በራሱ ላይ ታጥፎ ተጣብቋል። አብዛኛውን ጊዜ መነበብ አይችልም። ሙቀቱ ወደ 42 ሲጠጋ ሰሙ ይቀልጣል፣ መልእክቱ ይዘረጋል፣ ይነበባል። መልእክቱ ራሱ ቴርሞሜትር ነው ማለት ነው። ሌላ የሙቀት መለኪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ያስገርማል። በሰላሙ ጊዜ ጥቂት ሲግማ 32 ሁልጊዜም ይሠራል። ግን አይለቀቅም። ዲናኬ የሚባለው ጠጋኝ ፕሮቲን አፍኖ ይይዘዋል፤ ወስዶም ቆራርጦ ለሚያጠፋው ለሌላ ፕሮቲን ያስረክበዋል። ዕድሜው ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሣ ግን፣ ማለትም የተፈቱ ፕሮቲኖች ሲበዙ፣ ዲናኬ ወደነሱ ይሮጣል። ጥሩምባ ነፊውን የሚይዘው ሰው ይጠፋል። እጁ ተለቀቀ፣ ነፋ። ሥራው ሲያልቅና የተፈታው ሁሉ ሲጠገን ዲናኬ እንደገና ሥራ ፈት ይሆናል። ተመልሶ ጥሩምባውን ይይዛል፣ ጩኸቱም ይቆማል።

ልብ በሉ፣ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ባክቴሪያው የሚቆጥረው ጉዳቱን እንጂ ዲግሪውን አይደለም። ስለዚህ ሙቀት ሳይኖርም አልኮል ቢፈስበት ይኸው ጥሩምባ ይነፋል፤ አልኮልም ፕሮቲን ይፈታልና። ኢ ኮላይ ከ30 ወደ 42 ዲግሪ በድንገት ሲዛወር ጠጋኞቹን የማምረቱ ሥራ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ5 ደቂቃ ገደማ ነው። አምስት ደቂቃ! ቡና ሳይፈላ ማለት ነው።

ጠጋኞቹ ምን ይመስላሉ?

የሙያው ሰዎች ቻፐሮን ይሏቸዋል። ሞግዚት ብንላቸው ያስኬደናል። ልጁን አይወልዱትም፣ ማን እንደሚሆንም አይወስኑለትም። ከመጥፎ ጓደኛ ግን ይጠብቁታል።

ዲናኬ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል ኤቲፒ የሚባለውን የሕዋስ ነዳጅ ያቃጥላል። ሁለተኛው እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነው፤ ቦይ አለው፣ ከላዩም የሚከደን ክዳን። የተፈታ ፕሮቲን ሲያገኝ ያንን የተጋለጠ ቅባት መሰል ቦታ በቦዩ ይይዝና ክዳኑን ይዘጋል። የተያዘ ቦታ ከሌላ ጋር አይጣበቅም። ብቻውን አይሠራም፤ ዲናጄ የሚባል ረዳት አለው። ዲናጄ እንደ ጥሩ ደላላ ነው። ችግር ያለበትን ፕሮቲን ያፈላልግና «ይኸውልህ» ብሎ ያስረክበዋል። ሌላ ሦስተኛ ረዳት ደግሞ ያለቀውን ነዳጅ አውጥቶ መቆንጠጫው እንዲከፈት ያደርጋል። ፕሮቲኑ ሲለቀቅ በልኩ ለመታጠፍ ይሞክራል። ካልተሳካለት እንደገና ይያዛል።

አንዳንዱ ፕሮቲን ግን በመቆንጠጫ ብቻ አይሆንለትም። ግርግር ካለበት ራቅ ብሎ ለብቻው መሆን ይፈልጋል። ለእሱ የተሠራው ቤት ግሮኢኤል ይባላል።

ሁለት አገልግሎችን ቂጣቸውን አጋጥማችሁ አቁሙ። አንደኛው አፉ ወደ ላይ፣ ሌላው አፉ ወደ ታች። ግሮኢኤል እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ አገልግል ከሰባት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ክብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በጠቅላላ አሥራ አራት። ቁመቱ 15 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1 ሚሊዮን ናኖሜትር አለ። ክዳንም አለው፤ ግሮኢኤስ ይባላል፣ እሱም ከሰባት ቁራጭ የተሠራ ነው።

ክዳኑ ሳይገጠም የአገልግሉ አፍ ውስጥ በኩል ቅባት መሰል ነው። የተፈታው ፕሮቲን መጥቶ እዚያ ይለጠፋል። ከዚያ ሰባት የኤቲፒ ነዳጆች ይገባሉ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ ይገጠማል። በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ይዞራል። ቅባት መሰሉ ፊት ይደበቅና ውሃ የሚወደው ፊት ወደ ውስጥ ይመጣል። የክፍሉም ስፋት በእጥፍ ያድጋል። ተለጥፎ የነበረው ፕሮቲን ድንገት የሚለጠፍበት ያጣል፤ ሰፊ ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቀራል። 10 ሰከንድ ያህል ጊዜ ይሰጠዋል። እዚያ ውስጥ የሚያስቸግረው ጎረቤት የለም። ይታጠፋል። ከዚያ የታችኛው አገልግል በተራው ነዳጅ ሲሞላ የላይኛው ክዳን ይነሣል፣ ፕሮቲኑም ይወጣል።

ግሮኢኤል ፕሮቲኑን እንዴት መታጠፍ እንዳለበት አያስተምረውም። ያ እውቀት ቀድሞውኑ በዶቃዎቹ ቅደም ተከተል ላይ አለ። የሚሰጠው ጸጥታ ብቻ ነው። ይህ ነገር ሲገባኝ የተማርኩበት ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል። የግሮኢኤል ዝርዝር ቅርጽ በኤክስሬይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የእንዲህ ዓይነቶቹን ፕሮቲኖች አሠራር የገለጡት ፍራንዝ ኡልሪክ ሃርትል እና አርተር ሆርዊች እ.ኤ.አ. በ2011 ላስከር የተባለውን የሕክምና ምርምር ሽልማት አግኝተዋል።

ፕሮቲኖቹ ቀድሞውኑ ተጣብቀው ጓል ከሆኑስ? ክልፕቢ የተባለው ይመጣል። ስድስት ቁራጮች ያሉት ቀለበት ነው፣ መሐሉ ቀዳዳ። ከዲናኬ ጋር ሆኖ ከተወሳሰበው ልቃቂት አንድ ጫፍ ይፈልጋል፣ በቀዳዳው አስገብቶ ይስባል። ክሩ እየተፈታ በሌላው በኩል ይወጣል። ይህ ፕሮቲን የጎደለው ኢ ኮላይ 50 ዲግሪ ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል።

ጥገናው እምቢ ያለው ደግሞ ወፍጮ ቤት ይወሰዳል። ወፍጮው ክልፕፒ ነው። እሱም አሥራ አራት ቁራጭ፣ ሰባት በሰባት ሁለት ቀለበት። ጥርሶቹ ሁሉ በውስጥ በኩል ናቸው፣ በሩም በጣም ጠባብ። ጠባብ የሆነው በምክንያት ነው። ደህና ፕሮቲን ተጠቅልሎ ስላለ አያልፍም። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ዘበኛው ምልክት የተደረገበትን ፕሮቲን ብቻ ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ ክሩን ወደ ወፍጮው ያስገባል። ከውስጥ አጫጭር ቁርጥራጭ ይወጣል፤ ለአዲስ ፕሮቲን ይሆናል።

ታዲያ የእማማ ወተትስ?

አሁን ወደ ጮጮው እንመለስ። ወተቱን ከ42 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ አድርሰን ብናወርደው ምን ይሆናል? ጥቂት ፕሮቲኖች ይፈታሉ። ጥሩምባው ይነፋል። በደቂቃዎች ውስጥ ሞግዚቶቹ ይበዛሉ። ባክቴሪያው አይሞትም። ይልቁንም ቀጥሎ የሚመጣውን ከፍ ያለ ሙቀት ካልተዘጋጀው ጓደኛው በተሻለ ይቋቋማል። ይህ በኢ ኮላይም በሳልሞኔላም በላቦራቶሪ ደጋግሞ ታይቷል። ከዚያ በታች ደግሞ፣ 37 አካባቢ፣ ለብዙዎቹ በሽታ አምጪዎች ምቹ ቤታቸው ነው። ኢ ኮላይ ምግብ በሞላበት ቦታ በ20 ደቂቃ አንድ ጊዜ ይራባል። ለብ ያለ ወተት ለእሱ ድግስ ነው።

መፍላት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞግዚት ለማምረት ደቂቃዎች ያስፈልጋሉ። 72 ዲግሪ ላይ ወተትን ለማጽዳት 15 ሰከንድ ይበቃል፣ 63 ዲግሪ ላይ ደግሞ 30 ደቂቃ። ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት የምንለው በዚህ የሚያልፈውን ነው። በመፍላት ሙቀት ጥሩምባ ነፊውም፣ ድንኳን ተካዩም፣ አገልግሉም አብረው ይቀልጣሉ።

እኛ ያለንበት ቦታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ደጋ ላይ ማፍላት አይረባም ይላል። ይረባል። 92 ከ72 በብዙ ይበልጣል። ወተት ላይ ሰውን የሚያሳስቱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው አረፋ ነው። ገነፈለ ብሎ ወዲያው ማውረድ ሳይሆን እያማሰሉ ጥቂት ማቆየት ይሻላል። ሁለተኛው ከፈላ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ይሠራሉ። ውሃቸውን አስወጥተው፣ ዲኤንኤያቸውን በልዩ ትንንሽ ፕሮቲኖች ጠቅልለው ይተኛሉ። መፍላት አይገድላቸውም። ወተቱ ቀዝቅዞ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ይነቃሉ። ስለዚህ የፈላ ወተት ማታ ድረስ ሜዳ ላይ አይቀመጥም።

በጥሬ ወተት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ የተባለው ባክቴሪያ ይተላለፋሉ። እማማን ያልኳቸው በመጨረሻ ይህንን ነው። ልጁ ሽታውን ከጠላው አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ለብ ሲል ይስጡት። ለብ ማለቱ ከመፍላቱ በኋላ ይምጣ።

ሙቀት ብቻ ነው?

አይደለም። እያንዳንዱ አደጋ የራሱ ጥሩምባ አለው።

ጨጓራችን አሲድ ነው። ብዙ ባክቴሪያ እዚያ ያልቃል። ኢ ኮላይ ግን በሁለቱ ሽፋኖቹ መካከል ኤችዲኢኤ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ያስቀምጣል። በሰላሙ ጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። አሲድ ሲመጣ ይለያያሉ፣ ቅርጻቸውም ይላላል። ሌላው ፕሮቲን ሲፈታ ይበላሻል፣ እነዚህ ግን ሲፈቱ ነው ሥራ የሚጀምሩት! በዚያ በላላ አካላቸው ሌሎቹን ይዘው ከመጣበቅ ያድኗቸዋል። ነዳጅ አያስፈልጋቸውም፤ በዚያ ቦታ ኤቲፒ የለምና። አሲዱ ሲያልፍ የያዙትን ቀስ እያሉ ይለቃሉ።

ብርድ ሲሆን ችግሩ ይገለበጣል። መልእክት ተሸካሚው አርኤንኤ በራሱ ላይ ይጣበቅና አይነበብም። ሲኤስፒኤ የሚባል 70 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው አጭር ፕሮቲን እየተለጠፈ ያላላዋል። ፍሪጅ ባክቴሪያን አይገድልም፣ ያዘገየዋል የምንለው ለዚህ ነው። ሊስቴሪያ የተባለው እንዲያውም ፍሪጅ ውስጥም ይራባል።

ረሃብና ነጭ የደም ሕዋሳችን የሚረጭበት ፐርኦክሳይድ የሚባል ኬሚካልም አሉ። ለእነሱ ዲፒኤስ የተባለ ፕሮቲን አለ። አሥራ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ባዶ ኳስ ይሠራል። ከፐርኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ዲኤንኤን የሚያቃጥለውን ብረት እየለቀመ ሆዱ ውስጥ ይቆልፍበታል። ዲኤንኤውንም ራሱ ያቅፈዋል።

ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?

«ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይባላል። ሰውነታችን አይደለም። ለመደ ከተባለ የለመደው ባክቴሪያው ነው። እሱም በሁለት ዓይነት ነው፣ ብዙ ጊዜም ይምታታሉ።

አንደኛው ቋሚ ነው። ጂኑ ተቀይሯል ወይም ከሌላ ባክቴሪያ ጂን ተቀብሏል። ልጁም የልጅ ልጁም መድኃኒቱን ይቋቋማሉ። ሁለተኛው ጊዜያዊ ነው። ጂኑ አልተለወጠም፣ የጫና ጊዜ ፕሮቲኖቹን አስነሥቶ ወይም ሥራውን ሁሉ አቁሞ ተኝቶ መከራውን ያሳልፋል። ጆሴፍ ቢገር የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1944 ይህንን አየ። ፔኒሲሊን ያፈሰሰበት ባክቴሪያ ሁሉ አላለቀም፤ ከሚሊዮን አንድ ገደማ ተረፈ። የተረፉትን አራብቶ እንደገና መድኃኒቱን ቢሰጣቸው ልጆቻቸውም ልክ እንደ መጀመሪያዎቹ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አለቁ። ተኝተው ነበር እንጂ አልተለወጡም ነበር።

የሚያሳስበው ጊዜያዊው ወደ ቋሚው መንገድ ሲከፍት ነው። ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲክ እንይ። ብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ፍሬ አይጠፋም። ሲፕሮ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ያስበጥሳል። ባክቴሪያው ኤስኦኤስ የሚባል የድረሱልኝ ጥሪ አለው። በሰላሙ ጊዜ ሌክስኤ የተባለ ፕሮቲን 40 ያህል የጥገና ጂኖችን ቆልፎ ይይዛል። ዲኤንኤ ሲበጠስ ሬክኤ የሚባለው ፕሮቲን በተራቆተው ክር ላይ ይጠመጠማል። ሌክስኤ ከዚያ ጋር ሲገናኝ ራሱን በራሱ ይቆርጣል። ቁልፉ ተከፈተ። ጥሩ ጠጋኞች ቀድመው ይወጣሉ። ጉዳቱ ከባሰ መጨረሻ ላይ የሚመጡት ግን ቀዳዳውን በሆነ ነገር የሚደፍኑ ችኩል ገልባጮች ናቸው። ስሕተት ይበዛባቸዋል። አብዛኛው ስሕተት ባክቴሪያውን ይጎዳዋል። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ስሕተት መድኃኒቱን የሚያሸንፍ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ባክቴሪያውን ሳይገድል የሚያስደነግጠው ትንሽ መጠን አደገኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ከመሳቢያ ያገኘውን ሦስት ፍሬ ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ ተወው። ያሳዘነኝ መተዉ ብቻ አይደለም። ሲጀመር ማንም ሳይመረምረው፣ መጠኑን ሳይነግረው መውሰዱ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ነው፣ አንቲባዮቲክ ለእሱ አይሠራም።

ቲቢ ላይ ደግሞ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። የቲቢ ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 ደቂቃ በኋላ ሳይሆን በቀን አንዴ ገደማ ነው። ሳንባ ውስጥ ተከብቦ ኦክስጅን ሲያንሰው 48 ያህል ጂኖችን ያስነሣል። ከነሱ አንዱ ፕሮቲኖች እንዳይጣበቁ የሚጠብቅ ትንሽ ሞግዚት ይሠራል። እንዲህ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ይደበቃል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር የሚፈጀው ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው። ሳል የሚተወው በሳምንታት ነው። የተኙት ግን ገና አላለቁም። በዚህ መሐል መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ስታውቁ እባካችሁ ዝም አትበሉ።

እነዚህን ፕሮቲኖች ራሳቸውን መምታት አይቻልም?

ብዙ ሰው ሞክሯል፣ እየተሞከረም ነው። አንዱ ችግር መመሳሰላችን ነው። የባክቴሪያው ዲናኬና የእኛው አቻ ፕሮቲን ግማሽ ያህል አሚኖ አሲዳቸው አንድ ነው። የእሱን መቆንጠጫ የሚሰብር መድኃኒት የእኛንም እንዳይሰብር ያሰጋል።

በጣም ተስፋ የሰጠኝ ግን ወፍጮው ላይ የተሞከረው ነው። ኤዴፕ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ወፍጮውን አያቆሙትም። ዘበኛውን ከበሩ ያባርሩና ጠባቡን በር ያሰፉታል። ከዚያ ወፍጮው ያገኘውን ሁሉ፣ ደህናውንም ጭምር መፍጨት ይጀምራል። ባክቴሪያው ተኝቶም ቢሆን አያመልጥም፤ ወፍጮው ከእሱ ጋር ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ኤዴፕ ሪፋምፒሲን ከተባለ አንቲባዮቲክ ጋር ሲሰጥ ስታፊሎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የመጣ ግትር ኢንፌክሽን ከአይጦች ላይ ጨርሶ ጠፍቷል። ሪፋምፒሲን የተጨመረው አንዳንድ ባክቴሪያ ወፍጮውን ጭራሽ ጥሎ ለማምለጥ ስለሚሞክር ነው፤ ወፍጮ የሌለው ደግሞ በሌላ መድኃኒት ለመገደል ይቀላል። ኤዴፕ እስካሁን በመድኃኒት ቤት አይሸጥም።